ዝናብ ይቅር ያልንበት እሑድ

ከምድር ሰሜን ጫፍ፣ ከበረዶ አገር ለስብሰባ የመጣች ሴት ሮዘተንቪል ሰፈር ያለችው የስደተኞች ቤተ ክርስቲያናችን መድረክ ላይ ቆማ «ሳውቦና» አለችን። የአገሬው ሰዎች ሰላምታ ነው፤ የኛ መስሏታል። ከሱቅ ደንበኞቻችን የለመድነው ነውና ሁላችንም «ዬቦ!» ብለን መልሰን ሳቅን። የማስተረጉምላት እኔ ነበርኩ፤ ኦሬንጅ ፋርም ሰፈር ባለችው ስፓዛ፣ በትንሿ የሸቀጥ ሱቄ ውስጥ በለቀምኩት እንግሊዝኛ።

እኛ ላም እንደምናረባ የእሷ አገር ሰዎች አጋዘን ያረባሉ። በብርዱ ወራት አጋዘኖቹ በረዶውን በኮቴያቸው ጭረው ከስሩ ያለውን ምግብ ይበላሉ። አሁን ግን አየሩ ሞቆ በብርዱ መሀል ዝናብ ይመጣል። ዝናቡ በረዶው ላይ ይወርድና መልሶ እንደ ሲሚንቶ ይጠጥራል፤ ኮቴ አይበሳውም። «ምግባቸው ላይ ቆመው በረሃብ ያልቃሉ» አለች። ጎረቤቶቿ የቀሩትን ሽጠሽ ከተማ ግቢ ይሏታል።

ምክር የማያልቅባቸው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ተነሡ። «እህታችን፣ ሰዎቹ እውነታቸውን ነው። ሽጪና ሱቅ ክፈቺ። እኛም ሸጠን ነው የመጣነው።»

ደሜ ፈላ። እኔን እዚህ ያደረሱኝ የአባቴ ላሞች ናቸው፣ ተሽጠው። ዛሬ ቤት ስደውል ከጓሮ እምቧ የሚል ድምፅ አልሰማም። ቢሆንም ተረጎምኩላት።

«አልሸጥም» አለች ረጋ ብላ። «አየሩን ያሞቅኩት እኔ አይደለሁም። ለምን እኔ እለቃለሁ?»

«እውነቷን ነው!» ብዬ ጮህኩ፣ አስተርጓሚነቴን ረስቼ። ከዚህ ወደ ምሥራቅ መኪና ሲነዳ የሚታየውን የድንጋይ ከሰል መብራት ማመንጫ ጭስ ያጨሰችው እሷ ናት እንዴ?

እንግዳ ችግሩን ከነገረን እጃችንን ዘርግተን እንጸልይለታለን። ሽማግሌውም ዓይናቸውን ጨፍነው ከልጅነታቸው የሚያውቁትን ጸሎት ጀመሩ። «ጌታ ሆይ፣ ለከብቶቿ ዝናብ ስጣት! ምድሯን አጠጣላት!»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ።

ሌላ አሜን ሳይከተል ማይኩን ነጠቅኳቸው። «ዝናብ አይደለም! የሚገድልባት እኮ ዝናቡ ነው!»

«ምነው እህቴ፣ ዝናብ ይቅር ተብሎ ይጸለያል? ዝናብ በረከት ነው።»

«ለኛ ነው። ለእሷ ሞት ነው። አስቁምላት በሉ፤ ካላሉ እኔ እላለሁ።»

ሽማግሌው ድርቅ አይተው ያደጉ ሰው ናቸው፤ አፋቸው እምቢ አላቸው። ስለዚህ እኔው ጸለይኩ፤ ዝናቡን ከበረዶዋ ላይ አንሣላት አልኩ። መጀመሪያ አንዲት እናት፣ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ አሜን አለ። በመጨረሻ ሽማግሌውም አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እንግዳዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ምን እንደተባለ ጠየቀችኝ።

«ዝናቡ እንዲቀርልሽ» አልኳት። «ባይቀርም እንዳትሸጪ።»

ሁለተኛውን ማንም አላለውም። እኔ ነኝ የጨመርኩት።