ውሻዋ ያለፈችው ጥግ

የሰው ስም ላልጠራ ነው የጀመርኩት። የውሻዋንም አልጠራም፤ እሷም የራሷ ክብር አላት።

ሐርጌሳ ያኔ ከጦርነቱ ፍርስራሽ ላይ እንደገና ትሠራ ነበር። በየሰፈሩ ቆርቆሮ ይመታል፣ ሲሚንቶ ይቦካል። እኔ ከደብረ ዘይት ሄጄ ፈንጂ የምታሸት ውሻ እመራለሁ። ሥራው ለሚሰማው ቀላል ነው፦ የተቀበረ ፈንጂ ስትሸት ቁጭ ትላለች፣ ኳሷን ትሰጣታለህ፣ ከዚያ ቦታውን ፈንጂ አምካኞች ይረከቡታል። ግን ያለ ሰርተፊኬት ሜዳ አይገባም። ሰርተፊኬቱ ደግሞ የሁለታችን ነው፤ አንዳችን ከወደቅን ሁለታችንም ወደቅን። ፈተናው ላይ ባዶ መሬት ላይ ሁለት ጊዜ ከተቀመጠች አበቃ፣ እኔም ወደ አገሬ። ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቼ የኖርኩ ሰው ነበርኩ። ያቺን ወረቀት ያጣሁ እንደሆነ ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር።

የምንለማመደው ኮድቡር በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ጣሪያው በሄደ ቤት ግቢ ነበር። ባለቤቷ ሴትዮ ቤታቸውን መሥራት እስኪጀምሩ ለቢሯችን አውሰውታል። በአገሩ ወግ “ኤዶ” እላቸዋለሁ፣ አክስቴ እንደማለት ነው። የስደት ዘመናቸውን እኛ አገር ስላሳለፉ አማርኛ ይናገራሉ። ውሻዋ ስታልፍ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ራቅ ይላሉ። አንድ ቀን እጃቸውን ላሰቻቸውና ሰባት ጊዜ ታጠቡ፣ አንዱን በአፈር።

“አትቀየመኝ ልጄ፣” አሉኝ፤ “ምራቋ ነጃሳ ነው። አፍንጫዋን ግን አላህ ነው የሰጣት።”

ግቢው ከፈንጂ ጸድቷል ተብሏል። ለዚህም ምልክት በአራቱም ማዕዘን ነጭ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ተቀምጧል። ለልምምድ ማፈንጃው የወጣለት ፈንጂ እኔው እቀብራለሁ፣ እሷ ታገኛለች። አንድም ነገር ሳልቀብርበት የምትቀመጥበት አንድ ቦታ ግን ነበር፤ በምሥራቅ በኩል ያለው የፈረሰ ግድግዳ ጥግ። እዚያ ስትደርስ ጅራቷ ቀጥ ይላል፣ ትቀመጣለች፣ ትንፋሿ እንኳ አይሰማም። ሣሩም እዚያ ጥግ ላይ ብቻ ጉልበት ድረስ አድጓል። የኤዶ ፍየሎች ግቢውን ግጠው ሲጨርሱ እዚያ አጠገብ ደርሰው ይመለሳሉ። አይቻለሁ። አይቼም ዝም አልኩ። ነጩ ድንጋይ እያለ የፍየል ነገር የማምነው ምን ቆርጦኝ ነው? ደግሞስ ፈተናው ሳምንት ቀርቶት!

ስለዚህ መቀመጡን አስተውኳት። በተቀመጠች ቁጥር ገመዷን ጎትቼ “አይደለም!” እላታለሁ፣ ኳስ እከለክላታለሁ። አራት ቀን እንዲህ አደረግኩ። በአምስተኛው ቀን ጥጉ ጋ ስትደርስ የጀርባዋ ፀጉር ቆመ። ቀና ብላ መሬቱን ሳይሆን ፊቴን አየችና አለፈች። “ጎበዝ!” ብዬ ኳሷን ወረወርኩላት፤ አላነሳቻትም። ቆማ ታየኛለች።

ፈተናውን አለፍን። ፈታኙ ፈንጂዎቹ የተቀበሩበትን ካርታ ይዞ ከኋላችን ሲከተል ውሻዋ አንዱንም አልሳተችም። በማግስቱ የሁለታችን ፎቶ ያለበትን ወረቀት ይዤ ላሳያቸው ኤዶ ዘንድ ሄድኩ።

“እንኳን ደስ አለህ! እኔም ዛሬ ቤቴን አስጀመርኩ” አሉኝ።

ግቢው ውስጥ ሁለት የቀን ሠራተኞች፣ የአገሬ ልጆች፣ መሠረት እየቆፈሩ ነው። የጀመሩት ከምሥራቁ ጥግ ነው።

“እዚያ መቆፈር እፈራ ነበር፣” አሉ ኤዶ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ውሻህ ስትቀመጥበት ጂን ቢኖር ነው ብዬ ቁርአን አስቀራሁበት። ይኸው መቀመጥ ተወች። ሄዷል ማለት ነው፣ አልሐምዱሊላህ።”

መቀመጥ ያስተዋት ቁርአኑ አይደለም፣ እኔ ነኝ።

“አቁሙ!” ብዬ ጮህኩ።

“ምነው ወንድሜ፣ ፀሐይ መታህ እንዴ?” ብሎ አንደኛው ቆፋሪ ሳቀ።

ሮጬ ውሻዋን አመጣኋትና ወደ ጥጉ መራኋት። ተቀመጪ፣ አፈር ስሆን ተቀመጪ እላለሁ በልቤ። ቀና ብላ ፊቴን አየችኝ። ከዚያ አለፈች።

“ይኸው፣ የተፈተነችዋ ነገረችህ!” አለና ቆፋሪው ዶማውን አነሳ።

“ውሸቷን ነው!” አልኩ። “እኔ ነኝ ያስተማርኳት! ስትቀመጥ እየጎተትኩ ያስተውኳት እኔ ነኝ!” በአገሬ ልጆች ፊት፣ በኤዶ ፊት፣ ወረቀቱ በእጄ እንዳለ። የቆፋሪው ዶማ አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብሎ ወደ ጎን አወረደውና የመጣበትን ዱካ እየረገጠ ወጣ።

ቢሮ ሄጄ ሁሉን ተናገርኩ። ፈንጂ አምካኙ መጣ። የብረት መፈለጊያ መሣሪያው አልጮኸም። እሱ ግን ነጩን ድንጋይ ትቶ በደረቱ ተኛና በቀጭን ብረት አፈሩን እየወጋ ፈለገ። ከቆፋሪው ጉድጓድ ሁለት ስንዝር ራቅ ብሎ አገኘው፤ የፕላስቲክ ፈንጂ ነበር።

ኤዶ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ቆይተው ተነሡና ቀሚሳቸውን ሳይሰበስቡ መጥተው የውሻዋን ጭንቅላት በባዶ እጃቸው ዳበሱት። እኔን አላዩኝም።

ሰርተፊኬቱ ተሰረዘ፤ ይህ አልከፋኝም። የከፋኝ ከእኔ ጋር ዳግመኛ መሬት ማሽተቷ መቅረቱ ነው፤ ፊቴን ብቻ ታያለች። ለሌላ መሪ ሰጧት፤ ከእሱ ጋር በሳምንቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አገሬ ልገባ ስል ልሰናበታት መለማመጃው ሜዳ ሄድኩ። ከሜዳው ማጠሪያ ገመድ ማዶ ቆምኩ። እያሸተተች መጥታ ፊት ለፊቴ ስትደርስ ጅራቷ ቀጥ አለ፣ የጀርባዋ ፀጉር ቆመ። ቀስ ብላ ቁጭ አለች።

አዲሱ መሪዋ ግራ ገብቶት እግሬ ሥር ያለውን መሬት አየ። “እዚህ ምንም አልቀበርኩም እኮ” ብሎ ገመዷን ሊጎትት እጁን ሰበሰበ።

“ተዋት፣” አልኩት፤ “ኳሷን ስጣት።”