አፍ የሌለው ቴፕ

ቦንጋ ውስጥ ጋሽ ገብረሚካኤል ብላችሁ ብትጠይቁ ሰው «የትኛው?» ይላችኋል። ጋሽ ኦሪጅናል ካላችሁ ግን የመጀመሪያው ባጃጅ በራቸው ድረስ ያደርሳችኋል። ስሙን ያወጣችላቸው መኪናቸው ናት። ግማሽ ዕድሜያቸውን የመሥሪያ ቤት መኪና ሲነዱ ኖረው በመጨረሻ የራሴ ብለው የገዟት ነጭ ኮሮላ ነች። መስተዋቷ ኦሪጅናል፣ የበር እጀታዋ ኦሪጅናል፣ የወንበሯ ጨርቅ ከፋብሪካ እንደወጣ። በዚህ ሁሉ ዝናብና ጭቃ ወደ ሺሺንዳና ወደ ዋጫ ሰው ሲያመላልሱባት፣ የግድ ሆኖ አንድ ዕቃ ከቀየሩ እንኳ ጎረቤት እንዳያይባቸው ተደብቀው ነው የሚቀይሩት። «ኦሪጅናል ናት» የምትለዋ ነገር ከአፋቸው ከሚወጡት ጥቂት ቃላት ዋናዋ ነበረች።

ጥቂት ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰውዬው ዝምተኛ ናቸው፤ ዝምተኛ ሲባል ደግሞ እንዲህ እንደዋዛ አይምሰላችሁ። በወጣትነታቸው እትዬ ፀዳለን ጠይቀው እሺ ከተባሉ በኋላ፣ እጅ ሊነሱ ወደ አማቶቻቸው ቤት በገቡበት ቀን፣ የልጅቱ አባት እስቲ አንተም አንድ ነገር በለን ብለው ጋበዟቸው። ጋሽ ገብረሚካኤል ተነሡ፣ ላብ አጠመቃቸው፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ተመልሰው ተቀመጡ። የሙሽራዋ አክስት እትዬ አልጋነሽ ምላሳቸው ስለት ነው፤ ከጥግ ሆነው «ውይ፣ ይሄ ልጅ አፍ የለውም እንዴ!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ነገሩ የሳቅ ነበር፤ የሳቀውም ሁሉ በነጋታው ረሳው። እሳቸው ግን ፀዳለን አግብተው፣ ልጅ ወልደው፣ ጸጉራቸው ሸብቶም ያቺን ቃል አልረሷትም።

ያቺ የወለዷት ልጅ ኮከብ ናት፤ ሌላ የላቸውም። አምና ደካ ከተማ የሚያስተምር ልዑልቃል የሚባል ጨዋ ልጅ ጠየቃት፤ የሠርጉም ቀን ተቆረጠ። እንግዲህ ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ ሙሽሪት ከቤት ስትወጣ አባት አጅቦ አይሄድም፣ መርቆ በሩ ላይ ይቀራል። ጋሽ ገብረሚካኤል ይህን ሲያስቡ እንቅልፍ አጡ። አንድ መላ ግን መጣላቸው፤ እኔ ባልሄድ መኪናዬ ትሂድላት። ኮከብን ዩኒፎርሟን ጭቃ እንዳይነካው ትምህርት ቤት ያመላለሰቻት ይህችው ኮሮላ አይደለችም? ከአባቷ ቤትም ይዛት የምትወጣው እሷ ትሁን አሉ። ከዚያ ወዲያ በሠርጉ ሌላ ምንም አልጠየቁም፤ ስለ በሬውም ስለ ድንኳኑም እትዬ ፀዳለ እንዳሻቸው አደረጉ።

ሚዜዎቹ መጥተው መኪናዋን ዞረው ዞረው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። መኪናዋስ ቆንጆ ናት፤ ድምፅ የላትም። የደካ ሰዎች የሚመጡባቸው መኪናዎች ሲዘፍኑ የቆርቆሮ ጣሪያ ያንቀጠቅጣሉ፤ ሙሽሪት ከፊት ሆና እንደ ትንኝ ጥዝ በምትል ቴፕ ልትሄድ ነው ወይ? ከጅማ የኪራይ መኪና አይተናል አሉ፤ ጥቁር ነው፣ ድምፁም ልብ ያወልቃል። ኮከብ መሐል ገብታ ተጨነቀች። በአባቷ መኪና ብትሄድ ደስታዋ እንደሆነ ተናገረች፤ ግን ድምጿ… ብላ ሳትጨርሰው ቀረች። ጋሽ ገብረሚካኤል ልጃቸውን አዩና «እስከ እሑድ ድምፅ ይኖራታል» አሉ። በዚያ ወር ከተናገሩት ሁሉ ረጅሙ ይኸው ነበር።

ዓርብ ጠዋት መኪናዋን ይዘው ሬድዋን ጋ ሄዱ። ሬድዋን የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። አባቱ ጨርቅ ሊነግዱ ከስልጤ መጥተው ቦንጋ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እሱ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ፣ የካፋን ቋንቋ ካፊኖኖንም ከአገሬው እኩል የሚያወራ፣ ሽማግሌ ሲያይ ከመቀመጫው የሚነሣ ልጅ ነው። አምፕሊፋየር ያስፈልጋታል አላቸው፤ ከቴፑ የሚወጣውን ደካማ ድምፅ ተቀብሎ አጎልብቶ ለስፒከሩ የሚሰጥ ሣጥን ነው። ጋሽ ገብረሚካኤል ሰምተው ሁለት ነገር አስጠነቀቁ። ቴፑ እንዳይቀየር፤ ኦሪጅናል ነው። ሽቦ እንዳይቆረጥ፤ እሱም ኦሪጅናል ነው። ሌላው ባለሙያ ቢሆን በጥሶ፣ ጠምዝዞ፣ በፕላስተር ጠቅልሎ ለምሳ ያደርሳት ነበር። ሬድዋን ራሱን አከከና እሺ ጋሼ አለ።

ከዚያ ዳሽቦርዱን ፈትቶ ቴፑን ወደ ውጭ ሳበው። ጋሽ ገብረሚካኤል የመኪናቸው ሆድ ዕቃ ተከፍቶ ማየት አልቻሉም፤ ሻይ ልጠጣ ብለው ወደ ማዶ ተሻገሩ። ተመልሰው ሲመጡ ሬድዋን በጀርባው ተኝቶ፣ ጭንቅላቱ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ጅማ ካለው ዕቃ ሻጭ ጋር በስልክ እየጮኸ ያወራል።

«የጋሽ ኦሪጅናል ነው እኮ የምልህ» ይላል። «ባክህ አፍ የለውም! ምንም! በጎን ካልሆነ አያወራም።»

ጋሽ ገብረሚካኤል ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ደማቸው ወደ ጆሯቸው ወጣ። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ፣ ልጅ ሊድሩ፣ ያቺው ቃል ከሬድዋን አፍ! ደግሞስ «የላቸውም» ቢል ምን ነበረበት? ቅድም ጋሼ ሲል የነበረ ልጅ አሁን ለጅማ ሰው «የለውም» ብሎ እንደ እኩያው ያወራቸዋል። ክብሩም ቀረ፣ አንቱታውም ቀረ። ሬድዋን ስልኩን ዘግቶ ሲነሣ ቴፑን ከእጁ ተቀብለው ሽቦው እንደተንጠለጠለ ወንበር ላይ ወረወሩት፣ ሞተር አስነሡ፣ ሄዱ። ልጁ ፒንሳ እንደያዘ መንገድ ላይ ቀረ።

ቤት ገብተው ኮከብን «በኪራዩ ሂጂ» አሏት። ይኸው ብቻ። ልጅቱ ምን እንደተፈጠረ አታውቅም፤ ቅር ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ ብላ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እትዬ ፀዳለ ቢጠይቁ፣ ቢለምኑ፣ ቢቆጡ ሰውዬው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀመጡ። በሆዳቸው የሚብላላውን እኔ ልንገራችሁ፤ ልጄን መሸኛ አንድ ነገር ነበረኝ፣ እሱም ቀረ እያሉ ነበር። የዝምተኛ ሰው ኩርፊያ ክፉ ነው፤ መግቢያ በር የለውም።

አመሻሹ ላይ ሬድዋን መጣ። እጁን እንኳ በደንብ አልታጠበም። ጋሽ ገብረሚካኤል አልተነሡለትም፤ እንግዳ ሲገባ አለመነሣት በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም። ልጁ ቆሞ ጥፋቱ እንዲነገረው ለመነ፤ ምን አጠፋሁ፣ ይንገሩኝ፣ የተናገርኩት ካለ እግርዎ ላይ ልውደቅ አለ። እሳቸውም ግድግዳውን እያዩ፣ «አፍ የለውም አልከኝ» አሉት።

ሬድዋን መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«እርስዎን? ጋሼ፣ ስለርስዎ ብናገር አፍ የላቸውም እል ነበር እንጂ አፍ የለውም እላለሁ? እንደዚያ ነው ያሳደጋችሁኝ? ቴፑን እኮ ነው!»

ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳ። አዳዲሶቹ ቴፖች ከጀርባቸው ቀይና ነጭ ቀዳዳ አላቸው፤ ድምፁ በዚያ ወጥቶ ወደ አምፕሊፋየሩ ይሄዳል። እነሱ በሙያቸው አፍ ይሉታል። የፋብሪካው ቴፕ ግን ለገዛ ትንንሽ ስፒከሮቹ ብቻ የተሠራ ነውና አፍ የለውም። ስለዚህ ድምፁን ወደ ስፒከር ከሚሄደው ሽቦ፣ ማለትም በጎን፣ መቀበል ያስፈልጋል፤ ለዚህ የምትሆን መለወጫ ዕቃ ነበር ከጅማ የሚያዘው። ዕቃዋም በማታው መኪና ተጭናለች፣ ነገ ጠዋት ትደርሳለች አለ።

ጋሽ ገብረሚካኤል አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ነው፤ አንተና አንቱን ያደበላለቀ ልጅ መዳፉን በማስመሪያ ይመታ ነበር። አንቱታ ማለት ለእሳቸው ቀልድ አይደለም። ያቺ «የለውም» ራሷ ስለ ዕቃ እንደሚወራ ልትነግራቸው ጮኻ ነበር፤ እሳቸው ግን ሁለተኛ ስድብ አድርገው ቆጠሯት። አይ ሆድ የባሰው ሰው ጆሮ! መጀመሪያ ሳቁ ያመለጣቸው እትዬ ፀዳለ ናቸው። ቀጥሎ ከጓዳ ኮከብ። በመጨረሻ ጋሽ ገብረሚካኤል ራሳቸው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ተነሥተውም ሬድዋንን አቅፈው ሳሙት፤ የነጭ ጋቢያቸው ትከሻ ግሪስ በግሪስ ሆነ።

ቅዳሜ እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ሥራ ተጀመረ። ሬድዋን ሌሊቱን ሲያስብ ያደረ ይመስላል። ጋራዥ ጥግ ከወደቀ፣ ከተጋጨ ኮሮላ ላይ የቴፑን ሶኬት ፈትቶ አመጣ፤ የመጣችውን ዕቃ ከሱ ጋር አገናኝቶ በቴፑና በመኪናዋ ሽቦ መካከል ሰካው። አንድ ሽቦ አልተቆረጠም። የአምፕሊፋየሩን የኤሌክትሪክ ሽቦ ከባትሪው በፊውዝ አሳልፎ፣ ፋብሪካው በተወው ቀዳዳ አስገባው፤ አዲስ ቀዳዳ አልተበሳም። አምፕሊፋየሩ ከወንበር ሥር ገባ፣ ትልቁ ስፒከር ከኋላ። ጋሽ ገብረሚካኤል በአጠገቡ ቆመው እያንዳንዷን ብሎን ይቀበሉታል።

ሞተር ሲነሣ ግን ጉድ መጣ። ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ስፒከሩ ዊይይ እያለ አብሮ ይጮኻል። ሬድዋን ፈልጎ ፈልጎ ደረሰበት፤ የአምፕሊፋየሩ ኔጋቲቭ ሽቦ የታሰረው ከወንበሩ ብሎን ሥር ቀለም ላይ ነው፣ ቀለሙ ካልተፋቀ ብረት ከብረት አይነካም። ልጁ ይህን ሲናገር ዓይናቸውን ማየት ፈራ፤ ያ ቀለም የፋብሪካ ነው። ጋሽ ገብረሚካኤል ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ቀለም መፋቂያውን ብርጭቆ ወረቀት ከእጁ ወስደው፣ ጎንበስ ብለው፣ በገዛ እጃቸው የሳንቲም ስፋት ፍቀው ብረቱን አወጡት። ጩኸቱ ጠፋ። ካሴት ተከተተ፤ የካፊኖኖ የሠርግ ዘፈን ወጣ። አቤት አወጣጡ! ከበሮው ደረት ይመታል፣ የዘፋኙ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል፣ እትዬ ፀዳለ ከግቢው ማዶ ማማሰያቸውን እንደያዙ እስክስታ ወረዱ። ጋሽ ገብረሚካኤል በኩራት ቁመታቸው የጨመረ መሰሉ።

እሑድ የደካ ሰዎች መጡ፤ መኪናቸውም እንደተባለው ቆርቆሮ ያንቀጠቅጣል። ምርቃቱን በዝምተኛው አባት ፋንታ ታናሽ ወንድማቸው ገብረወልድ አሳመረው፤ ከመጀመሪያውም እንዲያ ነበር የተባለው። ኮከብ ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ስትስም ጋሽ ገብረሚካኤል አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። ራሷን ዳበሷትና ከፊቷ ቀድመው ሄደው የኮሮላዋን የኋላ በር ከፈቱላት። ከኪሳቸውም ለሰው ሰጥተው የማያውቁትን ቁልፍ አውጥተው ለሬድዋን ሰጡት። ልጁ ቁልፉን በሁለት እጁ ተቀበለ።

«እስክትርቁ ድረስ ድምፁን እንዳትቀንስ» አሉት።

አጀቡ ወጣ። ሰው ወደ ድንኳኑ ሲመለስ እሳቸው በሩ ላይ ቀሩ። ቦንጋ ኮረብታ ላይ ነች፤ ድምፅ ሸለቆውን ይዞ ይመጣል። የደካዎቹ መኪናዎች ጩኸት ገና ቁልቁለቱን ሳይጨርሱ ተደበላልቆ ጠፋ። የኮሮላዋ ግን ጥርት ብላ ትሰማለች፣ ቃሏ ሳይቀር። እኚያ ዝምተኛ ሰውዬ ማንም ሳይጠይቃቸው መናገር ጀመሩ። አሁን ቁልቁለቱን ጨረሰች። አሁን ድልድዩ ላይ ናት። ሬድዋን ማርሽ ቀነሰ፤ ጎበዝ። አሁን ዳገቱን ያዘች። እትዬ ፀዳለ መጥተው አጠገባቸው ቆሙ፤ ባላቸው ይህን ያህል ሲናገሩ ሰምተው አያውቁም።

የእትዬ ፀዳለ አክስት እትዬ አልጋነሽ ዛሬ አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ከበሩ ሥር ከተቀመጡበት ጆሯቸውን ወደ ሸለቆው አቀኑና፣ ያቺ ከሩቅ የምትሰማው የማን መኪና ናት ብለው ጠየቁ።

ጋሽ ገብረሚካኤል ወደ እሳቸው ዞሩ።

«የኔ ናት» አሉ። «አፍ አላት።»

ዘፈኑ ከዳገቱ ማዶ እስኪሰወር ድረስም በሩን አልዘጉትም።