የሁለት ወንድማማቾች የሞተ ቃል

ጋሽ ጁሀር የሞቱ ቃላት ይወዱ ነበር። ደሴ የእንግሊዝኛ መምህር ሳሉ የያዛቸው አመል ነው፤ ጄኔቭ መጥተው ፓኪ የሚባል ሰፈር ውስጥ የሆቴል አንሶላ ሲያጥቡና ሲተኩሱ ጡረታ እስኪወጡም አልለቀቃቸውም። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ። ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር እንግሊዞች ራሳቸው የረሱትን አንድ ቃል ሳያሸክሙኝ አያልፉም። አብዛኛውን ቤቴ ሳልገባ እረሳዋለሁ። «ኦቨርሞሮ»ን ግን አልረሳውም።

ትርጉሙ ከነገ ወዲያ ነው። «ኦቨርሞሮ እመጣለሁ» ማለት ይቻላል፤ «ለኦቨርሞሮ ይቆየን» ማለትም ያስኬዳል። ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ጥቂት ሰዎች ጽፈውት ነበር፤ ከዚያ ማንም ሳያለቅስለት ሞተ። ዛሬ እንግሊዞች «ከነገ በኋላ ያለው ቀን» እያሉ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳሉ። ጋሽ ጁሀር ይህን ሲያወሩ የምር ይናደዱ ነበር። «ከነገ ወዲያን የሚያህል ነገር እንዴት ስም ይነሡታል?» ይላሉ።

ቃሉን ከሳቸው በላይ የወደደው ግን ታናሽ ወንድማቸው ዐብዱ ነው፤ ዙሪክ አጠገብ ሽሊረን፣ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። «አይ ጋሼ፣ እኛ ዘንድ እኮ አልሞተም! እዚህ በጀርመንኛቸው ከነገ ወዲያን ‹ኢበርሞርን› ይሉታል» ብሎ በስልክ ሳቀባቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሲያወሩ በኦቨርሞሮ ሆነ። ዐብዱ ጉበቱን ታሞ ሆስፒታል ሲገባም «አብሽር፣ ኦቨርሞሮ እወጣለሁ» ይል ነበር። አልወጣም።

ጋሽ ጁሀር ሄደው አላስታመሙትም። እሳቸውም በዚያው ሰሞን የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ስለነበር ሐኪሙ ከቤት እንዳይርቁ ከልክሏቸዋል። በስልክ ግን ቃል ገብተውለታል። «ጋሼ፣ ስሞት ሌላ ሰው አይጠበኝ። አባታችንን ያጠብክበት እጅ ይጠበኝ» ብሎ ሲለምናቸው «ወላሂ፣ እኔው ነኝ የማጥብህ» አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ መድኃኒታቸውን ሳያዛንፉ ይወስዳሉ፤ ኮሪደሩን እየተመላለሱ ጉልበታቸውን ያጠነክራሉ። ወንድማቸው እንደማይድን ያውቁ ነበር። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ በጊዜ እንዲነገራቸው።

ዐብዱ ሐሙስ ረፋድ ላይ ዐረፈ። የመቃብር ቦታ ለዓርብ ተገኘ፤ ዓርብ ካለፈ ወደ ሌላው ሳምንት ነው። ዙሪክ ያሉ ያገር ልጆች ቤቱ ተሰበሰቡ። ልጁ ሉበና ለአጎቷ ልትደውል ስልኳን ስታነሣ የማኅበራቸው ሰብሳቢ ከማል እጇን ያዛት።

«መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ልጄ። ልባቸው ገና አልጠገገም፤ ብቻቸውን ሰምተው ቢወድቁስ? ሲመጡ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ በወጉ እንነግራቸዋለን።»

«ግን ጋሼ ለአባ ቃል ሰጠ» አለች፣ እዚያው ተወልዳ ባደገች ልጅ አማርኛ። «እሱ ነው የሚያጥበው።»

«አላህ ያውቅላቸዋል። ጀናዛ አይቆይም።»

ወጉ ነው፤ ክፋት የለበትም። እኔን የሚያበግነኝም ይኸው ነው፤ ክፋት ቢኖርበት ሰድቤ ይወጣልኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ጁሀር ራሳቸው ለሉበና ደወሉ፤ ወንድማቸው ስልክ አላነሣ ብሎ ጨንቋቸዋል። ከማል አጠገቧ ቆሞ ሉበና አነሣችው። «አባ ደክሞታል፣ ተኝቷል» አለቻቸው። «እንግዲያው አሁኑኑ ባቡር እይዛለሁ» አሉ። ልጅቷ ቸኩላ መለሰች። «አይ፣ ጋሼ... ኦቨርሞሮ ና ብሎሃል።»

ሌላውን ሁሉ ሊጠረጥሩ ይችሉ ነበር። ይህን ቃል ግን ከዐብዱ በቀር ማን ይልከዋል? ደረጃው ላይ ሲያገኙኝ ፊታቸው በርቶ ነበር። «ይቀልዳል እኮ! ደህና ነው ማለት ነው» አሉኝ። እኔም ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ሽሊረን ሲደርሱ ከበሩ ውጪ ያለው መተላለፊያ በጫማ ተሞልቷል። ሲገቡ ሰው ሁሉ ባንዴ ተነሣላቸው፤ ያን ጊዜ ገባቸው። ከማል ክንዳቸውን ደግፎ ያሰበውን ሊጀምር ሲል አቋረጡት።

«ማን አጠበው?»

«እኛ ነን፣ ጋሽ ጁሀር። በደንብ አድርገን...»

«መቼ?»

«ትናንት።»

አልወደቁም። ያ ሁሉ የተፈራለት ልባቸው ምንም አልሆነም። ሉበና እግራቸው ላይ ተደፍታ ስታለቅስ አነሷትና ግንባሯን ሳሟት። «ውሰጂኝ» ብቻ አሏት።

የቀረውን የነገረችኝ እሷ ናት። የመቃብሩ አፈር ገና እርጥብ ነበር፤ የተተከለው እንጨት ስም አልተጻፈበትም። ዱዓ ሊያደርጉ ነው ብላ ራቅ ብላ ቆመች። እሳቸው ግን እጅጌያቸውን ሰብስበው ተንበረከኩና ሁለት እጃቸውን እስከ አንጓቸው ድረስ አፈሩ ውስጥ አስገቡ።

«ዐብዱ፣ እኔ ነኝ» አሉ። «አልነገሩኝም።»