የቦቴው ሙዚቃ ዝም ሲል

ፊልም ማየት ሳልጀምር ፊልም መስማት ጀምሬያለሁ። አዲስ አበባ ያደግኩበት ቤት ከአንድ ቪዲዮ ቤት ጋር በግድግዳ ይገናኝ ነበር፤ ግድግዳ ስል ጭቃው የረገፈ ማገርና በላዩ የተመታ ቆርቆሮ ማለቴ ነው። እናቴ ሥራ ፈት ጎረምሶች የሚሰበሰቡበት ነው ብላ ወደዚያ ቤት ድርሽ እንዳልል ከልክላኛለች። ጆሮዬን ግን ልትከለክለው አልቻለችም። ከትምህርት ቤት እመጣና አልጋ ላይ በሆዴ ተኝቼ በማላውቀው ቋንቋ የሚነጋገሩ የማላያቸው ሰዎች ሲሳደዱ እሰማለሁ። ንግግሩ ስለማይገባኝ የሚመራኝ ሙዚቃው ብቻ ነበር።

የፊልም ሙዚቃ ደራሲዎችን የለየሁት እንዲህ ሆኜ ነው። ስማቸውን ያወቅሁት አድጌ፣ ፊልም ሲያልቅ የሚሮጠውን ጽሑፍ እያቆምኩ ማንበብ ስጀምር ነው። ያኔ ግን የራሴን ስም አውጥቼላቸው ነበር። አንዱ ባለከበሮው ነው። ሰው ሊገደል ሲል ከሩቅ ጀምሮ እየደለቀ ስለሚመጣ ለመፍራት በቂ ጊዜ ይሰጣል፤ ጨዋ ሰው ነው። አንዱ ደግሞ አልቃሻው ነው፤ ሰውየው የቤቱ ቁልፍ ቢጠፋበት እንኳ ቫዮሊን ያስለቅሳል። እሱን እስከ ዛሬ አልወደውም፤ ሙዚቃው ሲመጣ ባሌ እያወቀ ድምፁን ከፍ ያደርግብኛል።

ከሁሉም የምወደው ዝምተኛውን ነው። ወፍራም ድምፅ ባላቸው ቼሎዎች ቀስ ብሎ ይጀምርና ልክ ልቤ ተከትሎት ሲሄድ ሁሉንም ነገር ያቆመዋል። ጭጭ። የቪዲዮ ቤቱ ጎረምሳ ሁሉ ትንፋሹን ሲውጥ በቆርቆሮው በኩል ይሰማኛል። ከዚያ ጩኸት ይከተላል። በእሱ ፊልሞች ከዝምታው በኋላ ሁልጊዜ ሰው ይሞታል። በአንዱ ብቻ አልሞተም። ሙዚቃው ቆመ፣ ጎረምሶቹ ፀጥ አሉ፣ እኔ ትራሴን ነከስኩ፤ ከዚያ ቼሎዎቹ ካቆሙበት ቀጠሉና ከግድግዳው ወዲያ የመጣው ረጅም እፎይታና ሳቅ ሆነ። ማን እንደተረፈ አላውቅም። ካደግኩ በኋላ ፊልሙን ፈልጌ አገኘሁት፤ ሙዚቃውን ወሰድኩ እንጂ ፊልሙን እስከ ዛሬ አላየሁትም። የተረፈችው ሴት ናት ብዬ ልቤ ውስጥ ወስኛለሁ። ሌላ ሰው ሆና ላገኛት አልፈለግሁም።

ጁባ የመጣሁት ባሌን ተከትዬ ነው። እሱ የውሃ ቦቴ አለው፤ ሎሎጎ ወርዶ ከነጭ ዓባይ ወንዝ ይቀዳና ኮሎሎ ለሚኖሩ ደንበኞቹ ሮቷቸውን እየዞረ ይሞላል። እኔ ቡሉክ ያለ የሀበሻ ሆቴል ውስጥ እንግዳ እቀበላለሁ። ቤታችን ኮሎሎ ነው። ኑሮው ክፉ አይደለም። ግን ፈሪ ነኝ፤ ድሮም ፈሪ ነበርኩ፣ እዚህ ደግሞ ባሰብኝ። ፊልም ውስጥ ቢያንስ ባለከበሮው አለ። ጁባ ውስጥ ሰው ሻይ እየጠጣ፣ ከሻጭ ጋር እየተከራከረ፣ እየሳቀ ሳለ ነው ነገር የሚመጣው። በዚህ የተነሳ ጆሮዬ አያርፍም። በር ሲገጭ እደነግጣለሁ፤ ጎማ ሲፈነዳ እንግዳው ፊት ጠረጴዛዬ ስር እገባለሁ። ባሌ፣ እንኳን ወታደር አልሆንሽ፣ መጀመሪያ የምትመቺው የራስሽን ወገን ነበር ይለኛል።

ቦቴዎቹ ሁሉ ሰማያዊ ናቸው፤ ሁሉም ጡሩምባ እየነፉ ነው የሚዞሩት። ደንበኞቹ የእሱን ከሌላው መለየት ስላቃታቸው አንድ ቀን ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ አስገጥሞ መጣ። ፍላሽ ይሰካበታል፤ አንዴ ከተከፈተ እያለቀ እንደገና ይጀምራል። ምን ላጫውት ብሎ ሲጠይቀኝ አላመነታሁም። እሱ ያሰበው የሚያስጨፍር ነገር ነበር። የዝምተኛውን ሙዚቃ ሲሰማ ይሄ የለቅሶ ቤት ነው፣ ሬሳ የጫንኩ ይመስላቸዋል አለ። ተጨቃጨቅን። ስለ ቪዲዮ ቤቱ ግድግዳ ነገርኩት፤ ከዝምታው በኋላ ሰው ያልሞተበት ይሄ ብቻ ነው አልኩት። ለእሱ ምኑም አልነበረም። ግን መንገድ ላይ የሚውለው እሱ ነው፣ የምፈራው እኔ ነኝ፤ በመጨረሻ እንደፈለግሽ ብሎ ሰካው።

መጀመሪያ ሳምንት እውነትም ሰዎች ቦቴው ሲያልፍ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ ለመዱት። ቼሎው ከሩቅ ሲሰማ ልጆች "ሞያ መጣ!" እያሉ ይሮጣሉ፤ በጁባ ዐረብኛ ውሃን ሞያ ነው የሚሉት። ባሌንም ሞያ ብለው ጠሩት። ወደ ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ማንጎ ዛፍ ስር ገመድ ዘርግተው መኪና የሚፈትሹ ወታደሮች አሉ፤ ባለፈ ቁጥር ጄሪካናቸውን ስለሚሞላላቸው እነሱም ሙዚቃውን ሲሰሙ ገመዱን ቀድመው ይጥሉለታል። እኔ ደግሞ ቤቴ ሆኜ የት እንደደረሰ አውቃለሁ። ኬላው ጋ ነው፣ አለፈ፣ አሁን የጎረቤት ሮቶ እየሞላ ነው። እንደ ልጅነቴ በቆርቆሮ አጥር ወዲያ ያለውን ሳላይ እሰማለሁ። ሙዚቃው መሀል ላይ ዝም ሲል አንድ ትንፋሽ ይዤ ቀስ ብዬ እለቃለሁ፤ ትንፋሼ ሲያልቅ ይመለሳል። በዚህች ጨዋታ ብዙ ቀን ፍርሃቴን አታልያለሁ።

ያ ቀን የዕረፍት ቀኔ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው። ልብስ እያሰጣሁ ሳለ የጎረቤት ጄኔሬተር ቆመ። ቀጥሎ የሌላው ቆመ። ከዚያ ከዋናው መንገድ ሰው የሚያመላልሱት ሞተር ሳይክሎች፣ የቦዳ ቦዳዎቹ፣ ድምፅ ጠፋ። የባሌን እርጥብ ቲሸርት እንደያዝኩ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አንዲት ሴት ልጇን በስሟ ጠራቻት፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ በኋላ ነው ተኩሱ የጀመረው። ሩቅ ነበር። ወዲያው ሩቅ መሆኑ ቀረ።

ግቢውን የምትጋራን ጎረቤቴ እጄን ይዛ ወደ ቤት ጎተተችኝ። የዚሁ አገር ሰው ናት፤ ያደገችው ግን ጋምቤላ፣ የተማረችው አዲስ አበባ ስለሆነ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። መስኮት በሌለው ኮሪደር ውስጥ ፍራሽ ግድግዳው ላይ አስደግፈን ወለሉ ላይ ተጋደምን። ስልኬን አየሁት፣ ኔትወርክ የለም። ባሌ ጠዋት ሎሎጎ እንደወረደ አልተመለሰም። እዚያው ሁን፣ ከወንዙ ዳር አትነቃነቅ፣ እመብርሃን እዚያው አስሪልኝ እያልኩ ለመንኩ። ግን አውቀዋለሁ። ሚስቴ ትፈራለች ብሎ ይመጣል። ፈሪ መሆኔ ያኔ ነው የቆጨኝ።

ቼሎው ሲሰማኝ ደስ አላለኝም፤ ሰደብኩት። ይህ ጅል፣ ይህ ደረቅ እያልኩ ጮህኩ። ጎረቤቴ አፌን በእጇ ያዘችው። ሙዚቃው ከዋናው መንገድ ወደ መታጠፊያው እየቀረበ ነበር። ለምን እንደከፈተው ገብቶኛል፤ ጣታቸው ቃታ ላይ ላለ ሰዎች በዝምታ ከመምጣት እኔ ነኝ፣ ሞያ ነኝ ብሎ መምጣት ይሻላል። ልክ ነበር። እኔም እሱን ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር። ሙዚቃው ግን መሀሉ ላይ ዝም እንደሚል ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

የት ላይ ዝም እንደሚል አውቃለሁ። ቦቴው በምን ፍጥነት እንደሚመጣም አውቃለሁ። ኬላው ፊት ለፊት ሊደርስ ነው፤ እዚያ ላይ የሚያውቁት ድምፅ ይጠፋና የሚሰማቸው ወደ እነሱ የሚመጣ ትልቅ መኪና ብቻ ይሆናል። አሁን እንዳይሆን፣ እባክህ አሁን እንዳይሆን ብዬ ለመንኩ። የለመንኩት እግዚአብሔርን ይሁን ዝምተኛውን አላውቅም። ቼሎዎቹ ወደ ላይ ወጡ፣ ወጡ፣ ቆሙ።

ትንፋሼን ያዝኩ። ልማዴ ነው፣ ሳላስበው ያዝኩ። በዝምታው መሀል አንድ ጥይት ጮኸ። እንደሌሎቹ የተደራረበ አልነበረም፤ ለብቻው፣ ቅርብ፣ ከማንጎው ዛፍ በኩል።

ከዚያ ሙዚቃው ተመለሰ። ጎረቤቴ ጭንቅላቴን አቅፋ "ተመለሰ፣ ኻላስ፣ በቃ አለፈ፣ ሰምተሻል? ተመለሰ" አለችኝ። ታሪኩን ነግሬያታለሁና ከዝምታው በኋላ ሰው እንደማይሞት ታውቃለች። እኔም ለአንድ አፍታ አመንኩ። ቀጥሎ ያሰብኩትን ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ሙዚቃው የሚመጣው ከፍላሽ ነው። ፍላሽ ደግሞ ሹፌሩ ይኑር አይኑር አያውቅም። ሙዚቃው አልቀረበም። አልራቀም። እዚያው ኬላው ጋ ቆሞ እስከ መጨረሻው ተጫወተ። አለቀ። እንደገና ጀመረ። ያቺ ቦታ ደረሰ፣ ዝም አለ፣ ተመለሰ። ሕይወቴን ሙሉ የወደድኩትን ሙዚቃ ባሌ ሞቶ ይሆናል እያልኩ ደጋግሜ ሰማሁት። ተኩሱ ሲቀንስ ሙዚቃው ይበልጥ እየጎላ መጣ። እንዲቆም ፈለግሁ፣ እንዳይቆምም ፈለግሁ። አልቅሼ እንደሆነ አላስታውስም፤ ጎረቤቴ ግን አልቅሰሻል ትለኛለች።

የሆነ ጊዜ ላይ ቼሎው ከፍ ያለ መሰለኝ። ጆሮዬን አላመንኩትም። ከዚያ የሞተሩ ማንኮራፋት፣ ከዚያ የግቢው በር። ወጥቼ ሮጥኩ። ባሌ መሪው ላይ ተደፍቶ ተቀምጧል፤ ሸሚዙ በላብ ርሷል፣ ደም ግን የለበትም። ከመኪናው ጎትቼ አወረድኩትና በእጄ በያዝኩት ቲሸርት ደረቱን መታሁት። ቲሸርቱን ያን ሁሉ ጊዜ አልጣልኩትም ነበር።

ማታ እራት ላይ ነገረኝ። ተኩሱ የጀመረው ከሎሎጎ ወጥቶ ብዙ መንገድ ከመጣ በኋላ ነው፤ መመለሱ ከመምጣቱ የባሰ ነበር። ኬላው ጋ ሁለት ወታደሮች ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው በዕድሜ ገፋ ያለ፣ አንደኛው አዲስ። ሙዚቃው ሲቆም አዲሱ አፈሙዙን ወደ መስታወቱ አዞረ። ባሌ እጁን አንስቶ ዓይኑን ጨፈነ። ሽማግሌው የጠመንጃውን አፍ በእጁ ወደ ሰማይ ገፋውና ጥይቱ ማንጎው ውስጥ ገባ።

"ምን እንዳለው ታውቂያለሽ?" አለኝ ባሌ። "ቆይ፣ ይመለሳል አለው። ስለ ሙዚቃው እኮ ነው። ከዚያ ተመለሰ።"

አካባቢው እስኪረጋጋ አትሄድም ብለው እዚያው አቆሙት። ሙዚቃውን ሊያጠፋ ሲል ሽማግሌው ተወው አለው። ሦስቱም ከቦቴው ጎማ ጀርባ ተቀምጠው አዳመጡት።

በሳምንቱ ሽማግሌውን ላመሰግን ሄድኩ። የበሰለ ምግብ ይዤለት ነበር። የእኔ ዐረብኛ የገበያ ዐረብኛ ነው፤ እየተሰባበረም ቢሆን ያግባባል። እሱ ግን ስለዚያ ቀን ማውራት አልፈለገም። የጠየቀኝ ሌላ ነው። ሙዚቃው የፊልም መሆኑን ባሌ ነግሮታል፤ ዝም የሚለው ለምንድን ነው፣ ፊልሙ ላይ ምን ይሆናል አለኝ። ፊልሙን አላየሁትም አልኩት። ተገርሞ አየኝ። ሰው ይተርፋል፣ ይህን ብቻ ነው የማውቀው አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ጥሩ ነው አለ፤ ጣቱን ጠመንጃው ላይ እየመታ የቼሎውን ዜማ በአፍንጫው አንጎራጎረልኝ። ዝምታዋን እንኳ አልዘለላትም፤ ጠበቃት።

ከዚያ ወዲህ ወታደሮቹ ተቀየሩ። ማንጎው ስር ያሉት አሁን ሌሎች ናቸው። ሽማግሌው የት እንደተላከ ባሌ ቢጠይቅም የነገረው የለም። አዲሶቹ ጨዋዎች ናቸው፣ ውሃቸውን ይወስዳሉ፣ ያመሰግናሉ። ሙዚቃውን ግን ገና አያውቁትም። ቆይ፣ ይመለሳል የሚል ሰው እዚያ የለም።

ስለዚህ ዝምታውን ቆረጥኩት። ስልኬ ላይ ነው የቆረጥኩት፤ ብዙም አይከብድም። ባሌ ፍላሹን ሰክቶ ሲሰማው አበላሸሽው፣ አንቺ የምትወጂው እሷን ቦታ አልነበረም ወይ አለኝ። ነው አልኩት። ሌላ ሙዚቃ እንቀይር አለ፤ እምቢ አልኩ፣ ሰፈሩ የሚያውቀው ይህን ነው።

አሁን ከቤቴ ሆኜ ስሰማው ቼሎዎቹ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ያቺ ቦታ ላይ እንደ ተደናቀፈ ሰው ይንገዳገዱና ሳያርፉ ይቀጥላሉ። አስቀያሚ ነው። ዝምተኛው ቢሰማው ይከሰኛል። ቦቴው ኬላውን እስኪያልፍ ግን አሁንም ትንፋሼን እይዛለሁ።