ከመቻራ የመጣው ጊታር

ጭሮ ላይ ያገለገለ ጊታር እየገዛሁ እሸጣለሁ ስል ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ! ድሮ ሠርግ ላይ የሚጫወቱ ልጆች ነበሩ፣ ከእኔ ይገዙ ነበር፤ ዛሬ ሠርጉን የሚያስጨፍረው ስልክና ስፒከር ነው። አሁን ጊታር ተሸክሞ ደጄን የሚረግጠው ወይ ሊሰደድ የተነሳ ነው፣ ወይ ቤቱ የጨነቀው። ደስ ብሎት ጊታሩን የሸጠልኝ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም፤ እኔም ደስ ብሎኝ ገዝቼ አላውቅም።

ከጨነቃቸው አንዱ ድሮ ሒሳብ ያስተማሩኝ ጋሼ ነበሩ። ባለቤታቸው ሲታመሙ ለሕክምና ብለው ጊታራቸውን አመጡልኝ። እኔም ለአንድ የመቻራ ቡና ነጋዴ ሸጥኩት። ዓመት ሳይሞላ ጋሼ ተመልሰው መጡ። ሐኪሞቹ ባለቤታቸውን፣ እትዬን፣ «ከእንግዲህ ቤታቸው ይረፉ» ብለው መልሰዋቸዋል። እትዬ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጋሼ አመሻሽ ላይ በጊታራቸው ሲጫወቱላቸው የኖሩትን አንዴ መስማት። «ከየትም ብለህ ፈልግልኝ» አሉኝ ጋሼ። ሱቄ ውስጥ የቀሩት አንገቱ የተሰበረ አንድ ጊታርና ያለ ማጉያ ድምፅ የማይወጣው ቤዝ ጊታር ነበሩ። ምን ልስጣቸው?

ለነጋዴው ደወልኩ። ጨዋ ሰው ነው፤ «እንዲህ ከሆነማ ውሰደው» አለኝ። እዚህ ላይ ነው ራሴን ይቅር የማልለው። ራሴ ሄጄ ማምጣት ነበረብኝ። መንገዱን ጠልቼ፣ ወገቤን ሰበብ አድርጌ፣ ከመቻራ ወደ ጭሮ ጫት ለሚያመላልስ ጎረቤቴ ሹፌር አደራ ሰጠሁ። «ፀሐይ እንዳያገኘው፣ ይሰነጠቃል» አልኩት በስልክ።

«አቦ! እኔን ነው ዕቃ አያያዝ የምታስተምረኝ?» ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሱቄ ደጃፍ ቆሞ ጥሩምባውን ነፋ። ጊታሩን ከጫቱ ሥር ጎትቶ አወጣው። በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሏል፤ በላዩ ላይ የራሰ ጆንያ ታስሮበታል፤ ውኃው ይንጠባጠባል። ጫት እንዳይጠወልግ እንደሚታሰረው አስሮት ነው። «በደሳ ከተማ ስደርስ ውኃ አርከፈከፍኩለት፤ ዳገቱን ወጥቼም ደገምኩለት። ፀሐይ የሚባል አላየም፣ ወላሂ!» ፊቱ በደስታ ያበራል። ዕድሜውን ሙሉ ከፀሐይ ያዳነውን ነገር ሁሉ በውኃ ነው ያዳነው፤ ሌላ ምን ያውቃል?

ጮህኩበት። አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ አወረድኩበት። «ማሊፍ?» አለኝ በኦሮምኛ፤ ለምን እንደምጮህ ጨርሶ አልገባውም። ቅጠሉን ስፈታው የጊታሩ ሆድ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ሙጫው ለቆ፣ ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ።

ጋሼ ከሰዓት በኋላ መጡና አዩት። አልተቆጡም። ምነው ተቆጥተው በገላገሉኝ!

«ጥላ ላይ ላድርቀውና ልለጥፈው፤ ሁለት ሳምንት ብቻ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ሁለት ሳምንት ከየት ላምጣልህ ልጄ?»

ድሬዳዋ ላለ ሰው ደወልኩ። ሌላ ጊታር ፈልጌ ቅዳሜ እልካለሁ አለኝ። ገና ሰኞ ነበር። ጋሼ «አብረኸኝ ናና አልደረሰም በልልኝ። ተበላሸ እንዳትላት፤ እኔ እሷን መዋሸት አልችልበትም» አሉ።

ሄድኩላቸው። እትዬ እንዲህ ያልቃሉ ብዬ አልጠበቅኩም፤ ብርድ ልብሱ ሥር ሰው ያለ አይመስልም። ገና ደጁን ሳልሻገር «መጣ?» አሉኝ።

«መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ነው እትዬ። ነገ ይገባል፣ ኢንሻ አላህ።»

የፈጣሪን ስም ጠርቼ ዋሸሁ። ማክሰኞም ሄጄ ያንኑ አልኩ። ውሸት ሲደጋገም ይቀላል ብዬ ነበር፤ የት አባቱ! ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቀመጣሉ፣ እኔ «ነገ» እላለሁ፣ እትዬ ደግሞ ያምኑኛል። የሚያንገበግበኝ ማመናቸው ነው። አንድ ጊዜ እንኳ በጥርጣሬ ቢያዩኝ ኖሮ ያን ያህል ባልተቃጠልኩ።

ረቡዕ ስገባ «መጣ?» አላሉኝም። በዓይናቸው ቅረብ አሉኝ። ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ።

«ሹፌሩን አይቸኩል በለው ልጄ» አሉ። «ያ መንገድ ክፉ ነው። በኔ ምክንያት የሰው ልጅ ገደል እንዳይገባብኝ።»

«እነግረዋለሁ እትዬ» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ማንንም አላናገሩም። ዓርብ ቀበርናቸው።