ቀለም የተቀባው ትሬይ

ታላቅ ወንድሜ የግቢ በር ሠሪ ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ የእሱ በር የሌለበት ሰፈር አለ ብዬ አላምንም፤ ይህን የምለው እህቱ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝም ያስተማረኝም እሱ ነው። የኤሌክትሪክ ምህንድስና ጨርሼ ስመለስ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «መብራትን የምታዘው እህቴ ናት» እያለ ያስተዋውቀኝ ነበር። ከተማው በየቀኑ መብራት እየጠፋበት እንዲህ ሲለኝ የምገባበት ይጠፋኝ ነበር።

ላሜራ ሲወደድ ሥራው ቀዘቀዘ። ሰው አዲስ በር ማሠራት ትቶ አሮጌውን ማስጠገን ያዘ። ወንድሜ ጠዋት ሱቁን ይከፍትና ደጃፉ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ ይሞቃል። አንድ ደህና ሥራ ካላገኘ ሱቁን እንደሚዘጋ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ አፍ አውጥተን ግን አንናገረውም።

በዚያው ሰሞን የምሠራበት ድርጅት የአንድ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ያዘ። ኬብሎቹ ጣሪያ ሥር የሚተኙበትን የብረት መደርደሪያ፣ ትሬይ የምንለውን፣ መርጦ መግዛት የእኔ ድርሻ ሆነ። እራት ላይ ይህን ሳወራ ወንድሜ መብላቱን አቆመ።

«ላሜራ አጥፎ መብሳት አይደለም እንዴ?»

«ጋሼ፣ እንደምታስበው ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ናሙና ልይ።»

«ታያለሽ» አለ። ያን ምሽት ብዙ ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር።

ናሙናውን ለማየት የሄድኩ ቀን ትሬዮቹን ደጃፉ ላይ ደርድሮ ጠበቀኝ። የበር ሠሪ ኩራቱ ራቁቱን የቀረ ብረት አለማሳየት ነው፤ መጀመሪያ የዝገት መከላከያውን አንቲረስት ይቀባል፣ ከላዩ ቀለም፣ ሲደርቅ ደግሞ ሌላ ቀለም። ወንድሜ እነዚህንም እንደ ሀብታም ቤት በር አድርጎ ብርማ ቀለም ቀብቷቸዋል። አንዱ ከሌላው የሚገጣጠምበትን ጫፍ፣ የብሎን ቀዳዳውን ውስጡን ሳይቀር፣ በቀጭን ብሩሽ አዳርሶታል። እንዴት ያምሩ ነበር።

ትሬይ ከትሬይ ሲገናኝ ግን ብረት ብረትን መንካት አለበት። ኬብል ተልጦ ትሬዩን ቢነካው ኤሌክትሪኩ በዚያ በኩል አልፎ መሬት መውረድ ይኖርበታል። ቀለም ያንን መንገድ ይዘጋል፤ ትሬዩን የነካ ሠራተኛ በወጣበት ሊቀር ይችላል። ይህን ለወንድሜ እንዴት አድርጌ እንደምነግረው ጨነቀኝ። ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ነገርኩት።

«ጫፍ ጫፉን ልፋቀው?» አለኝ።

«ብትፍቀው የፋብሪካው ክር ማቅለሚያ ክፍል እንፋሎት በዝገት ይበላዋል፤ ክረምቱን አይዘልቅም። ከተበሳ በኋላ የቀለጠ ዚንክ ውስጥ ተነክሮ የወጣ ነው የሚያስፈልገኝ።»

«የት ነው የሚነክሩት?»

«እዚህ የለም፣ ጋሼ።»

ከዚያ ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ ትሬዮቹ ላይ ያረፈውን አቧራ መጥረግ ጀመረ። ቢቆጣ፣ «ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?» ቢለኝ እመልስለት ነበር። እሱ ግን አንድ በአንድ ጠረጋቸው።

በማግስቱ በሚኒባስ ወደ አዲስ አበባ ወረድኩ። እስከ ጫጫ ድረስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ሐዘን የምሄድ መስሏቸው «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አሉኝ። አሜን አልኳቸው። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ከሱቅ ሱቅ እየዞርኩ ቀዳዳዎች ውስጥ ጣቴን ስከት ዋልኩ። የቀዳዳው ውስጥ እንደ ላዩ ዚንክ ከለበሰ የተነከረው ከተበሳ በኋላ ነው፤ ጥሬ ብረት ከታየ ቀድሞ የተነከረ ላሜራ ነው የበሱት። አንዱ ነጋዴ «እህቴ፣ ትሬይ ነው ወይስ ቀለበት የምትገዢው?» ብሎ ቀለደብኝ። ሌላ ቀን ቢሆን አልምረውም ነበር። በመጨረሻ የምፈልገውን አገኘሁና አዘዝኩ።

እቃው ደብረ ብርሃን ሳይገባ ወንድሜ ሱቁን ለቀቀ። የብየዳ ማሽኑን ለጓደኛው ሰጠው። የት እንደሚውል ስጠይቀው «አላጣም» ይለኛል።

ገጠማው የተጀመረ ዕለት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ፋብሪካው አዳራሽ ስገባ የቀን ሠራተኞች ትሬዮቹን ከመኪና እያወረዱ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ወንድሜ ነው። እኔ ያለሁበት ሥራ እንደሆነ እያወቀ ከፎርማኑ ዘንድ ተመዝግቦ ገብቷል። ሮጬ ሄድኩና እጁን ያዝኩት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ?»

እጁን ቀስ ብሎ ከእጄ አስለቀቀ። የያዘውን ትሬይ መሬት አስቀምጦ ጫፉን አየ፣ አውራ ጣቱን የብሎን ቀዳዳው ውስጥ አዞረ፣ ቀና አለ።

«ጥሩ መርጠሻል» አለኝ። ሽሙጥ አልነበረበትም። የምሩን ነበር፤ ልቤን የሰበረውም ይኸው ነው።

ከዚያ ሌሎቹ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሥራው እስከ መቼ ይቆያል?» ሲል ጠየቀኝ።

መርሐ ግብሩን ያወጣሁት እኔው ነኝ።

«ቅዳሜ ያልቃል» አልኩት።

«እሺ» አለና ትሬዩን ትከሻው ላይ አደረገው።