የግራር ሥር አራት ቆርቋሪዎች

በቆቦ ከተማ ዳር፣ አስፋልቱን ለቀው ወደ ማሽላው ሜዳ ሲወርዱ፣ ግራር ሥር የሚባል ሰፈር አለ። ካርታ ላይ ፈልጋችሁ ብታጡት በእኔ አትፍረዱ፤ ባጃጅ ነጂዎቹ ያውቁታል፣ ያ ይበቃል። የዚህ ሰፈር ልብስ ሰፊ ሸረፈዲን ይባላል። ስድሳን ተሻግሯል። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ በረንዳው ላይ ከእግር መኪናው ጀርባ ይቀመጣል። ሱሪ ይሰፋል፣ የሙሽራ ቀሚስ ይሰፋል፣ የመስጊዱን መጋረጃም የቤተ ክርስቲያኑን ድንኳንም ይጠግናል። ከሁሉ አሳምሮ የሚሰፋው ግን ወሬ ነው።

የሰፈሩ የቅሬ ዳኛም እሱ ነው። ቅሬ እንግዲህ ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ሲድር የሚያግዝ፣ ሲጣላ የሚያስታርቅ ማኅበር ነው፤ ግራር ሥር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ባንድ ቅሬ ነው ያለው። ዳኛ የተባለ ሰው እውነት መናገር ነበረበት፤ ሸረፈዲን ግን ይዋሻል። ለክፋት አይዋሽም፣ ለጥቅምም አይዋሽም። ሰው መጥቶ ፊቱ ሲቆም ልኩን ይወስድና በልኩ ይዋሽለታል፣ በቃ።

ነገሩ የተጀመረው በካሳ ነው። ካሳ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ከጎብዬ በኩል መጥቶ እዚህ ጎጆ የቀለሰ ገበሬ ነው። መጤ ነኝ ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይሄድ ነበር፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሲገባ በሩ ጥግ ነበር የሚቀመጠው። ሸረፈዲን እሱን ሲያይ አንጀቱን በላው። አንድ ቀን ወገቡን እየለካ፣ «ያያትህ ስም ማን ነበር?» አለው።

«ወልዴ።»

ሸረፈዲን ሜትሩን ለቀቀና አፈጠጠበት። «ወልዴ? ይህን ሰፈር የቆረቆሩት ወልዴ? መጀመሪያ እዚህ ግራር ሥር አጥር ያጠሩት?»

ካሳ አያቱ ከጎብዬ ወጥተው እንደማያውቁ ያውቅ ነበር። ግን ሰው እንዲህ ሲሉት እንዴት እንቢ ይላል? ጎልማሳ ሳሉ የት እንደዋሉ በምን አውቃለሁ ብሎ አመነ።

«አደራ፣ ለማንም እንዳትናገር» አለው ሸረፈዲን። «የሰፈሩ ሰው ቢሰማ ይከፋዋል። እንግዳ መሆኑን ማወቅ ማን ይወዳል?»

ከዚያ ታሂር መጣ። አያቱ ከኦሮምኛ በቀር የማያውቁ፣ ከብቱን በድርቅ የጨረሰ የቆላ ሰው ነው። ለሱ ደግሞ፣ የጎሳው ሽማግሌዎች ጥንት የተሰበሰቡበት ዛፍ ይኸው ግራር ነው፣ ቦታው ያንተ ነው ተብሎ ተነገረው። ቀጥላ ኡሙሃኒ መጣች፤ ከአፋር የሚወጣውን ጨው የምትቸረችር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የሰፈሩን የመጀመሪያ ጉድጓድ የቆፈሩት ያንቺ አባት ናቸው አላት። ለሦስቱም አደራውን ደገመው። ሦስቱም ሠላሳ ዓመት አፋቸውን ዘጉ።

አሁን ውሸት ምን ይጠቅማል የምትሉኝ ስሙ። ካሳ ልጁን ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ለብቻ ወይፈን ገዝቶ፣ ታሂርን «በእጅህ እረድ፣ በራስህ ድስት አስቀቅል» አለው። እንግዶቹ ናቸዋ። የካሳ እናት የሞቱ ዕለት መቃብር ለመቆፈር ዶማ ይዞ የቀደመው ታሂር ነው። እንግዳው ሐዘን ላይ ነዋ። ኡሙሃኒ ቧንቧ ያስገባች ጊዜ የግቢዋን በር ነቅላ ጣለችው፤ ውሃ ሊቀዳ የመጣ ሁሉ እንዳያንኳኳ። እያንዳንዱ የቤቱ ጌታ እኔ ነኝ ብሎ ስለሚያስብ፣ ጠብ ሲነሳ ቀድሞ የሚተወው እሱ ነው፤ ማን ከእንግዳው ጋር ይጣላል? ሸረፈዲን ይህን ሁሉ ከመኪናው ጀርባ ሆኖ ያይና ለብቻው ይስቃል።

የሚስቅበት ሌላም ምክንያት አለው። የዚህን ሰፈር እውነተኛ ቆርቋሪ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ የራሱ አያት ናቸው።

ይህን የነገሩት ስፌት ያስተማሩት ጋሽ አራጌ ናቸው። ሸረፈዲን በሰባ ሰባቱ ረሀብ፣ አባት እናቱን ቀብሮ፣ በሃያ ዓመቱ ብቻውን ከላይ ከተራራው የወረደ ሰው ነው። ጋሽ አራጌ አስጠጉት። አንድ ቀን የአያቱን ስም ጠየቁት። አሊጋዝ ይባላሉ፣ ወደ ቆላ ወርደው የቀሩ ናቸው አላቸው። ጋሽ አራጌ መቀሳቸውን አስቀመጡ። «አሊጋዝ? በቀይ በሬ የመጡት? ልጄ፣ ሰፈሩን የቆረቆሩት እሳቸው አይደሉም እንዴ። መቃብራቸውም ከግራሩ ሥር ነው። አደራ፣ ለማንም እንዳትናገር።» ሸረፈዲን እስከ ዛሬ ለሚስቱ ለዓሊማ እንኳ አልተነፈሰም። በየጁምዓው ብቻ፣ ከመስጊድ ሲመለስ ዛፉ ሥር ቆም ብሎ ላያቱ ፋቲሃ ይቀራል። ሰው ለዛፉ ጥላ የቆመ ይመስለዋል።

ዘንድሮ እንግዲህ ኮብልስቶን ገባ። ኮብልስቶኑን ተከትላ እፀገነት የምትባል፣ ከከተማው አስተዳደር የተላከች ወጣት ሠራተኛ ደብተሯን ይዛ መጣች። ከሩቅ አገር ተመድባ ቆቦ ከገባች ስምንት ወሯ ነው። የምታውቀው ሰው የለም፤ ተቀመጪ ቢሏት እንኳ የአግዳሚው ጫፍ ላይ ነው የምትቀመጠው። «ጋሼ፣ መንገዱ ሲያልቅ መግቢያው ላይ ታፔላ ይተከላል» አለችው። «የሰፈሩ ታሪክ ባጭሩ ይጻፍበታል። የቆርቋሪው ስም ከላይ በትልቁ። ጁምዓ ዘጠኝ ሰዓት ሰፈርተኛው ይሰብሰብና እርስዎ ይንገሩን፤ ሁሉም ሸረፈዲንን ጠይቂ ነው የሚሉኝ።»

ሸረፈዲንን መርፌው ጣቱን ወጋው። የአያቱ ስም በትልቁ፣ በቀለም! ሥጋ ለባሽ ነው፤ ፈለገው።

በማግስቱ ካሳ እቅፍ ሙሉ ጥንቅሽ ይዞ መጣ። ዙሪያውን አየና፣ «አደራውን የምታነሳልኝ ቀን መጣ» አለው። «እኔ ስላያቴ ብናገር ነውር ነው። አንተ መስክርልኝ።» እሱ እንደወጣ ታሂር በቅል ቅቤ ይዞ ገባ፤ ቃሉ ያው ነው። ከአሥር ሰዓት በኋላ ኡሙሃኒ የግመል ወተት በነጠላዋ ሸፍና መጣች። ዓሊማ ሦስቱንም ስጦታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችና ባሏን አየችው። የሦስቱን ነገር ድሮ ደርሳበታለች።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል» አለችው። «አንተ ሦስት ላይ ወጥተሃል። በምን ልትወርድ ነው?»

«አላህ ያውቃል።»

«አላህማ ያውቃል። ካሳስ?»

ሸረፈዲን ወተቱን ጠጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ እውነቱን ደብቆ ከሦስቱ ለአንዱ ቢመሰክር ያ ይጻፋል፣ ሁለቱ ይቀየሙታል፣ አያቱም ከግራሩ ሥር ስም የለሽ ሆነው ይቀራሉ። እውነቱን ቢናገር ያያቱ ስም ከፍ ይላል፣ እሱ ግን ውሸታም ዳኛ ተብሎ ቅሬውን ያስረክባል፤ ሠላሳ ዓመት የተላመዱት ሰዎችም ፊት ይነሱታል። ሦስት ቀን ሙሉ የሰው ሱሪ እያሳጠረ አበላሸ።

ጁምዓ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰፈሩ ግራሩ ሥር ተሰበሰበ። መሃል ላይ የውሃ ጀሪካንና የተቆረጠ ጥንቅሽ ተቀምጧል። የሟቹ የጋሽ አራጌ ሚስት እማማ ደመቀች ከፊት ናቸው፤ ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። እፀገነት እንደ ልማዷ ጫፍ ላይ ናት። ሦስቱ ቆርቋሪዎች አዲስ ልብስ ለብሰው፣ አንዱ ለሌላው እያዘነለት ተቀምጠዋል። ወይ ነዶ፣ ልብሱንም የሰፋው እኮ ሸረፈዲን ነው።

ተነሳ። «አፉ በሉኝ» አለ። «ዋሽቻለሁ። ካሳ፣ አያትህ እዚህ አልመጡም። ታሂር፣ የጎሳህን ዛፍ እኔ አላውቀውም። ኡሙሃኒ፣ ጉድጓዱን የቆፈረው የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ነው።»

ካሳ ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ሠላሳ ዓመት?» አለ።

«ወላሂ በል» አለ ታሂር።

«ወላሂ።»

«እኔስ?» አለች ኡሙሃኒ። «እኔ ይህን ሁሉ ዘመን በማን ስም ነው በሬን ነቅዬ ያደርኩት?»

ሸረፈዲን አፈረ። ግን ከጀመሩ አይቀር ብሎ ገፋበት። «እውነተኛው ቆርቋሪ አሊጋዝ የሚባሉ ሰው ናቸው። የኔ አያት። ጋሽ አራጌ ናቸው የነገሩኝ፣ በአደራ።»

እማማ ደመቀች ቀና አሉ። «አሊጋዝ? ከላይ ከተራራው ወርደው የቀሩት?»

«አዎ እማማ።» ምስክር አገኘሁ ብሎ ልቡ ዘለለ።

«በቀይ በሬ የመጡት? መቃብራቸው ከዚህ ዛፍ ሥር ነው የተባለው?»

«እሳቸው ናቸው!»

እማማ ደመቀች መሳቅ ጀመሩ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወረደ፣ ምርኩዛቸው ወደቀ፣ እንባቸው መጣ። «ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «ባለቤቴ ያንን ቀይ በሬ ለስንቱ ነዳው። ከአንተ በፊት ለነበሩት ሁለት ተማሪዎቹም ነድቶላቸዋል። አንተ ስትመጣ እህል እንቢ ብለህ ነበር፤ ግድግዳ እያየህ ትውላለህ። ይህ ልጅ የኔ የሚለው መሬት ካላገኘ ይሞትብናል አለና ለአንተም ሰጠህ። በማግስቱ ሁለት እንጀራ በላህ። እኔ ነኝ ያቀረብኩልህ።»

ሸረፈዲን ቁጭ አለ። ሌላውን እያታለለ ሲስቅ የኖረ ሰው፣ ከሁሉ በፊት የተታለለው እሱ ሆኖ አረፈው። መሳቅ ይገባው ነበር፤ ግን ከፋው። አርባ ዓመት የነበሩት አያቱ ሞቱበት።

«ፋቲሃው ታዲያ?» አለ። «በየጁምዓው የቀራሁትስ?»

«አይባክንም» አሉት። «አንዱ ጋ ይደርሳል።»

«መጀመሪያ የመጣው ማን ነው እንግዲህ?» አለ ታሂር።

«እኔና አራጌ ስንደርስ ግመለኞች ዛፉ ሥር አርፈው ነበር። ጨው የጫኑ አፋሮች። አራጌን ና ተቀመጥ፣ ቤትህ ነው አሉትና ከጥላው ቦታ ለቀቁለት። ፀሐዩ ሲበርድ ጭነው ሄዱ። ስማቸውንም አልጠየቅናቸው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግራር ሥር አይቶት አያውቅም። ውሃውን የሚቀዳ ጠፋ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሦስቱ እኔ ላስተናግድ እኔ ላስተናግድ ብለው ጀሪካኑን ይታገሉ ነበር። ዛሬ ሁሉም እንግዳ ሆኖ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ዝንቡ ጥንቅሹን ወረረው። ሸረፈዲን ይህን አይቶ፣ ታፔላው በአፍንጫዬ ይውጣ፣ ሰፈሩን አፈረስኩት ብሎ ተጸጸተ።

እፀገነትን ሳል ያዛት። አቧራው ገብቷት ይሁን ተጨንቃ እንጃ። ደግማ ሳለች። ኡሙሃኒ አንዴ ካሳን፣ አንዴ ታሂርን አየች። ማንም አልተነሳም። «የሰው ልጅ ተጠምታ እያያችሁ» አለችና፣ እያጉረመረመች ተነስታ ቀዳችላት። ልጅቷ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ግማሽ ቂጧን አግዳሚው ላይ፣ ግማሹን አየር ላይ አድርጋ ጠጣች።

ካሳ ይህን አቀማመጥ ያውቀዋል። በሩ ጥግ ራሱ ተቀምጦበታል። ባርኔጣውን መልሶ ደፋ።

«ልጄ» አላት፣ «ያያትሽ ስም ማን ነበር?»

«ዘካሪያስ።»

«ዘካሪያስ…» ካሳ ወደ ታሂር ዞረ። «ስማ፣ ያ ረጅሙ ዘካሪያስ እንዳይሆኑ?»

ታሂር ጺሙን አሻሸ። ዓይኑ ሸረፈዲን ላይ ነበር፤ አሁንም ተቀይሞታል፣ ግን ከንፈሩ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ይንቀጠቀጣል። «በቀይ በሬ የመጡት?» አለ።

«እሳቸው ናቸዋ» አለች ኡሙሃኒ። «ከዚህ ጉድጓድ መጀመሪያ የጠጡት።»

እማማ ደመቀች ፈቀቅ ብለው ከአጠገባቸው ቦታ ለቀቁ፤ አግዳሚውንም በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። እፀገነት ቆመች። የተባለውን ሁሉ ሰምታለች፣ ሞኝም አይደለች። ግን ደብተሯን ዘግታ ሄደችና መሃላቸው ገባች፤ በሙሉ ተቀመጠች።

«ጋሼ» አለች ወደ ሸረፈዲን ዞራ፣ «እውነት ነው?»

ሸረፈዲን ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ፣ ጣቱ ላይ ጠቀለለው። ሰፈሩ በሙሉ፣ ከእማማ ደመቀች እስከ ባጃጅ ነጂዎቹ፣ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቀዋል። ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፣ ሁሉም በሚሰማው ሹክሹክታ ነገራት።

«አደራ፣ ለማንም እንዳትናገሪ» አላት። «የሰፈሩ ሰው ቢሰማ ይከፋዋል።»